ሦስተኛው ቀዳዳ

ኸልፋን ፕሮፔለር ገዛ፣ የአጎቱ ልጅ ስለገዛ።
ሃያ አንድ ኢንች፣ ሦስት ምላጭ፣ አይዝጌ ብረት፣
ፊት የሚያሳይ እንደ መስታወት፤
ዋጋው የእኔ የሦስት ወር ደመወዝ፣
ያውም ሳልበላ፣ ወደ ቤት ሳልልክ።

ባዶውን ሲሄድ ማን ይችለዋል!
ከመዓሪድ ኾር አፍ ወጥቶ ይከንፋል፣
ልጆች ከግድቡ ድንጋይ ላይ ያፏጩለታል።
በረዶው ሲጫን ግን፣ ቤንዚኑ ሲሞላ፣
ሃያው የሽቦ ወጥመድ ሲደረደር ኋላ፣
ስድስት ሰው በላዩ ሲቀመጥ፣
አፍንጫውን ሰቅሎ፣ ቂጡን ውኃ ነክሮ ያቃስታል፣
ጣርማ በርን በአራተኛ ማርሽ ልውጣ እንዳለ አይሱዙ።
ቆጣሪው አራት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ይቆማል፤
ከዚያ ወዲያ ቢለምኑትም ቢሰድቡትም ወይ ፍንክች።

አለቃዬ ሻጂ፣ የኬረላው ሰው፣
እጁን በጨርቅ እየጠረገ አስረዳኝ፦
ኢንቹ እርምጃ ነው፤
ምላጩ አንዴ ሲዞር ውኃው ውስጥ የሚራመደው።
ረጅም እርምጃ ለቀላል ሸክም፣ አጭሩ ለከባድ።
«አንተ ሲሚንቶ ተሸክመህ ትዘላለህ?»
አልዘልም አልኩት።
ሁለት ዓመት ተሸክሜያለሁ፤ ይህን ትከሻዬ ያውቀዋል።

አንድ ኢንች ሲቀነስለት
ሞተሩ ሁለት መቶ ዙር ያህል ይተነፍሳል።
አራት ቀነስንለት። አሥራ ሰባት።
አራት ምላጭ፣ ጥቁር አሉሚኒየም፣
ከመደርደሪያው ሥር አቧራ ለብሶ የኖረ።
ኸልፋን አየውና ፊቱን አዞረ፦
«ይሄንን? ለኔ ጀልባ?»

ቁመቱ ቀረ።
ነጋዴው ሞተሩን ከሁሉ ዝቅ አድርጎ ሰቅሎታል፣
እግሩ ውኃ ውስጥ ተቀብሮ፣ ማረሻ ሆኖ።
ቡሎኖቹን ፈታን፤ በሰንሰለት ሳብነው።
አዲሱ ሞተሩ እንጂ ጀልባው አሮጌ ነው፤
ማሰሪያው በተነሣበት፣ ፀሐይ ባልነካው ሳንቃ ላይ
በምስማር የተጫረ ነገር አየሁ።
በመዳፌ ጨውን ጠረግሁ።

«፫ኛው ቀዳዳ።
ዝቅ ካለ ይጎተታል
ከፍ ካለ አየር ይበላል
ጋሹ»

ሻጂ አንገቱን አስግጎ፣ «ምንድነው? የጉንዳን መንገድ?» አለ።
ሳቄ መጣ፣ ግን አልወጣም።
ኸልፋንን ጠየቅሁት፤ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ።
«አባቴ ያመጣው ሰው ነበረ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ።
ስሙን እንጃ፤ ሐበሺ እንለው ነበር።»

ሻጂ ጽሑፍ አያምንም፤ አራተኛውን እንሞክር አለ።
ሞከርነው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ነበር፤
ወደ ግራ ሲታጠፍ ፕሮፔለሩ ውኃውን ለቀቀው፣
ሞተሩ ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት ጮኸ፣
የማቀዝቀዣው ውኃ ቀጥኖ ክር ሆነ።
ሻጂ ነዳጁን ለቀቀ፤ ዝም አለ።
ዝም ብለን ተመለስን።

እንደገና በሰንሰለት። እንደገና ቡሎን።
ሞተሩ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ሻጂ ቁልፍ ሊያመጣ ሲሄድ፣
ምስማር ፈልጌ ከጋሹ ሥር ጫርኩ፦
«እውነት ነው። አየሁት። ይማም»
ቀኑን ልጽፍ ነበር፤
በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳመነታ
ሻጂ ቁልፉን ይዞ ደረሰ።

በሦስተኛው አሰርነው።
በረዶውም፣ ወጥመዱም፣ ስድስቱም ሰው ተጫኑ።
አፍንጫው ጥቂት ብድግ አለና ወዲያው ተኛ፤
ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት
የውኃውን ቆዳ እየላሰች ተከተለች።
አምስት ሺህ ሁለት መቶ። አምስት ሺህ ሦስት።
ኸልፋን ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ፣
አውራ ጣቱን ሊያነሣ አሰበና
«የአጎቴ ልጅ እንዳይሰማ» አለ።

መስታወቱ ፕሮፔለር አሁን ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል።
እንግዶች ፊታቸውን ያዩበታል።
እኔ የማየው ሌላ ነው፦
ጀልባው ሲያልፍ ቡሎኑ ሥር፣
ማንም የማያነበው ሁለት መስመር።