ሁለተኛው ወንበር

መብራቱ ጠፍቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፤
ከመስኮቱ ማዶ ኬችኬሜት በርዷል።
ኤመሼ ሃልሞሽ ሁለት ስክሪን ከፍታ
የጡት ምስል ታነባለች በግራጫ ተርታ፤
ነጩ ጤናም ነው፣ ነጩ ደዌም ነው፤
በጉም ውስጥ ጉም መፈለግ፣ ሥራዋ ይኸው ነው።

ከጎኗ አለ አንድ ባዶ ወንበር፤
ሃያ ሁለት ዓመት ቲቦር ያነብበት ነበር።
እሷ «ደኅና» ስትል እሱ «ቆይ እስቲ» ባይ፣
እሱ ሲጠረጥር እሷ ደግማ ስታይ፣
ጭቅጭቃቸው ነበር የስንት ሴት ጤና፤
አንዱ ሲስት አንዱ መንገድ ሲያቀና።
«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ማለት
እዚህ ተረት አይደል፣ ደንብ ነው የዕለት ተዕለት።

ቲቦር ጡረታ ወጥቶ ንብ ሊያረባ ሄደ፤
ተተኪው ሐኪም ወደ ቪየና ነጎደ።
ከዚያ ይህ መጣ፣ ኮምፒውተር ጓደኛ፣
ሻይ የማይጠጣ፣ ሌሊት የማይተኛ፤
ሚሊዮን ምስል በልቶ ያደገ፣
የአንዲቷን ሴት ስም ግን ከቶ ያልፈለገ።
የጠረጠረውን በቀይ ክብ ያሰምራል፣
ጥርጣሬውንም ከመቶ ይቆጥራል።

የብብት ዱቄትን፣ የስፌት ክር ፍርፋሪ
«ዕጢ!» እያለ ሲጮህ፣ «አንተ ጥላህን ፈሪ!»
ትለው ነበር ያኔ፣ በመጀመሪያው ወር፤
ማክሰኞ ግን እጇን በአፏ አስጫናት ነገር፦
የሩዝ ፍሬ ታህላለች፣ ዓይኗ ያላረፈባት፤
እሱ ግን ከበባት፣ መርፌም መሰከረባት።

ከዚያ ወዲህ ስድብ የለም። ፍቅርም የለም።

ዛሬ፣ አርባ አንደኛዋ። ቅጹ ላይ ተጽፏል፦
ቦርባላ፣ አምሳ ሰባት፣ ሾፌር። ምስሉ ተሰልፏል።
ማሽኑ ቀኝ ጡት ላይ ክብ ሠራ፣ ሰባ አንድ፤
አጉልታ አየችው፦ ሁለት የደም ሥር፣ የተላለፈ መንገድ።
«ደኅና» ልትል ጣቷ ማውሱ ላይ ሳለ
ያ ባዶ ወንበር እንደ ልማዱ «ቆይ እስቲ» አለ።
የዛሬ ሁለት ዓመቱን ምስል ከፍታ አወጣች፤
ቀኙን ለቃ ወደ ግራው ዓይኗን አመጣች፤
ማሽኑ ዝም ባለበት፣ «አራት» ብሎ በተወው፣
ክሩ ወደ አንድ ነጥብ ተስቧል፣ ሹራብን ምስማር እንደያዘው።
እብጠት የለ፣ ጥላ የለ። መሸብሸብ ብቻ።

«ትጠራ» ብላ ጻፈች።

እንግዲህ ማን አየው? እሱ ባይሳሳት
ቸኩላ ነበረች፤ ማን ያዘገያት?
ቲቦር ይህን ቢሰማ ይስቃል ከንቡ መሃል፦
«መጨቃጨቅ ጀመራችሁ? ደግ፣ ተዋውቃችኋል!»

ማታ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈረች።
ነጂዋ አምሳዎቹ ውስጥ ናት፤ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች።
ኤመሼ ስም አልጠየቀችም።
ሴትዮዋ መስታወቱን አየች፣ ግራ፣ ቀኝ፣
ከዚያም፣ መስታወት እንደማያምን ሰው፣
አንገቷን አዙራ አየች፤
ከዚያ በኋላ ነው የነዳችው።