ረጥቦ የሚመጣው

ማክሰኞ ማታ፣ የፈረቃው ሳይረን ሲያባራ፣
በጨርቃ ጨርቁ ክበብ፣ ከቢራው ሣጥን ጋራ
የተቆለፈበት ቴሌቪዥን ይወጣል፤
አንድ ልጅ ጣራ ላይ አንቴናውን ያዞራል።
«አሁንስ?»
«ትንሽ ወደ ጣና!»
«አሁንስ?»
«መጣ! ኧረ ተው፣ ሄደ እንደገና!»

ጥንት የተጻፈ ነው አሉን፣ የባዕድ አገር ተረት፣
ለፊልም ያሰናዱት፣ ለየሳምንቱ አንድ ሌሊት።
ሌላ ቤት፣ ሌላ ሟች፣ ሌላ መርማሪ፤
የማንለወጥ እኛ ነን፤ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ፈሪ።

ቋንቋው ግን አይገባንም።
ጋሽ ስንሻው ከስክሪኑ ጎን ይቆማል፣
ግራሶ ያጠቆረውን ጣቱን ወደ ሰዎቹ አፍ ቀስሮ ይተረጉማል።
ምጽዋ ወደብ ሳለ ከመርከበኞች የለመደው ነው ይባላል።

እሱ ሲናገር ጭጋጉ ከደቅ ማዶ ይነሣል፤
ባለ ረጅም ባርኔጣው በዘጌ መሬት ሙግት ያነሣል፤
ግንቡን ከሹም አቦ ጀርባ አንሥቶ ተከለ፤
ጨለማው ውስጥ ያጓራውን፣ እኛ ውሻ ስንል፣
«ጉማሬ ነው» አለ።

በየታሪኩ መጨረሻ ግድም ደግሞ
አንድ ሰው ከውሃ ረጥቦ ይመጣል።
ደጅ ቆሞ ሁለቴ ይጣራል።
ማንም አይከፍትለትም።

አንድ ማክሰኞ ታሪኩ የበረሃ ነበር፤
አሸዋ፣ ግመል፣ የነጠፈ ጉድጓድ።
ያኔም ረጥቦ መጣ።
«ከየት ባገኘው ውሃ?» አለች ትርፌ፣ የፈትል ክፍሏ፤
አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ስንሻው አልሳቀም።
«ከሄደበት» አላት።

ስንት ዘመን አለፈ። ክበቡ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ።
ባለፈው ክረምት በልጄ ስልክ አንዱን ክፍል አየሁት፤
አሁን ቋንቋው ይገባኛል።
ስለ ኑዛዜ ነው የሚነታረኩት።
በሩን የሚያንኳኳው ፖስተኛ ነው፤
ደረቅ ነው፤ ጃንጥላ ይዟል።

ለትርፌ ነገርኳት። ዓባይ ማዶ፣ ልጇ ቤት ናት፤
ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ደህና ነው።
ብዙ ዝም አለች።
«አንለይ የሚሉት ታላቅ ወንድም ነበረው፤
ከደቅ እንጨት ጭኖ ሲመጣ ማዕበል ታንኳውን ገለበጠው።
ሌሊት ከሐይቅ ዳር የጠራህ ሰው፣ ሦስቴ ካልጠራ
አትመልስለት ይሉ ነበር እናታቸው።
ሁለቴ ጠራ።
ስንሻው፣ ትንሽ ልጅ፣ ከጋቢ ሥር በጣቱ እየቆጠረ
ሦስተኛውን ጠበቀው።»

ያን ጊዜ ነው የመጨረሻው ማክሰኞ ትዝ ያለኝ።
ጢስ ዓባይ እንደ ልማዱ ከዳን፤ መብራት ጠፋ።
ስክሪኑ ወደ አንዲት ነጭ ነጥብ ጠበበ፤ ነጥቧም ሞተች።
እሱ ግን አላቆመም፤ በጨለማው ይተረጉም ነበር፦
«ደጅ ነው። ረጥቧል። አንዴ ጠራ።
ሁለቴ ጠራ።»

አግዳሚው ሲጥጥ አለ፤ አንድ ሰው ተነሣ፤
የብረቱ መወርወሪያ ተንሻተተ፤
የደንገልና የዓሣ ሽታ ያለው ንፋስ ፊታችንን ዳሰሰ።
«ከዚያስ?» አልነው።
ትንፋሹ ይሰማል።
«ገባ» አለ።

በሳምንቱ ከኛ ጋር ተቀመጠ፣ ከኋላው አግዳሚ ላይ፣
እጁን በጉልበቱ መሀል ይዞ፣
እንደማናችንም ምንም ሳይገባው እያየ።