ባዶ እግሩን የወጣ ፊደል

ይርዳው፣ ያንተ ጋዜጣ ከተማ ላይ ሐሙስ ይወጣል፤
ቱሉ ዲምቱ ግን ዓርብ ማታ፣ ሙዝ ተጠቅልሎበት ይመጣል።
ሙዙን ለረዳቴ ሰጥቼ፣ እጄን በቤንዚን አጥቤ፣
የተጨማደደ ገጽህን እንደ ከመነዳሪ ስቤ፣
ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው፣ ጨረስኩህ ደግሜ አንብቤ።

ሙሉ ገጹ ለንደን ነው፤ ግማሽ ገጽ ማንቸስተር፤
የአሠልጣኙን ውሻ ስም፣ የበረኛውን አማት ሳይቀር
ፊደል ሳትስት ጽፈሃል፤
ለእኛ፣ ከሥር፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ጎን፣ ሁለት መስመር ተርፎናል፦

«ጡብ ፋብሪካ ወፍጮ ሠፈርን አንድ ለባዶ ረታ፤
ብቸኛዋን ጎል ለማ ገመዳ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ መታ።»

ለማ?
ለማ ማን ነው?
ለማ የሚባል እኛ ጋ የለም፤
አምናም አልነበረም።
ለሚ ነው፣ ጌታዬ! በ«ሚ»!
አባቱ «ወገን ይሁነኝ» ብሎ በኦሮምኛ ያወጣለት፤
ቀን ጡብ ጭኖ፣ ሌሊት ዘብ አድሮ፣ እሁድ ተመላላሽ የሚሰለፍ ለት
የሚያጠልቀው የሰው ታኬታ፣ አንዱ አርባ፣ አንዱ አርባ ሁለት።

የዚያን ዕለት የት ነበርክ? ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
የዳኛው ፊሽካ ውሃ ሞልቶት እንደ ጉንፋናም ሲታነቅ፣
የኮንዶሚኒየሟ ሴት፣ የታጠበ ልታነሳ ወጥታ፣
«ምታት! ምታት!» ስትል፣ አንሶላዋን ለዝናብ ትታ?
እሷን ብትጠይቃት እንኳ ስሙን በነገረችህ።
መታ።
ኳሷ ጭቃው ላይ ቆመች፣ ከመስመሩ ስንዝር ሲቀራት።
ሁላችንም ትንፋሽ አጠረን። ማንም አልነካት።
ከዚያ፣ እምላለሁ፣
አስባበት ገባች።

በስልክ ነው የሰማኸው። መስመሩ ተቆራርጦ ይሆናል።
ግን የሰው ስም በኔትወርክ ይለወጣል?

እኔማ ምን አደረግሁ፣ በሰማያዊ ቢክ
ከ«ማ» እግር ሥር አንዲት ጭረት ጨመርኩ፤
ባዶ እግሩን ለወጣው ፊደል ጫማ አጠለቅኩ።
ለሚ ሆነ።
ከመንፊያው በላይ ለጠፍኩት፣ ያለፈ ያገደመ እንዲያየው፤
ለሚኒባሱ ሾፌር ሁሉ፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሩት፣
አንድ ቀን መጥቶ በዓይኑ ይየው!»

መጣህ።
ከመጨረሻው ታክሲ ወርደህ፣ የቀረውን በጭቃ ዳክረህ፣
ደብተርህን በፌስታል ጠቅልለህ፣ ሱሪህን እስከ ጉልበት ሰብስበህ።
ጋዜጣው የኮንትራት እንደማይከፍል ያኔ ገባኝ፣ ከጫማህ።
ሻይ ገዛሁልህ። የጭነት መኪና ጎማ ላይ አስቀመጥኩህ።
የሁሉንም ስም ከነፊደሉ ጠየቅከኝ።
«ለሚ በ‹ሚ› ነው?» አልክ።
«በ‹ሚ›!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ፣
ድል ያለ ድግስ እንደ ጠራ ሰው።

አራት ለባዶ ተሸነፍን።
አራተኛውን ለሚ፣ ሊያወጣ ሲል፣
በገዛ ጎላችን አስገባው።

ዓርብ ማታ መጣ ጋዜጣው፣ እንደ ልማዱ ሙዝ አዝሎ።
ስምንት መስመር! ፎቶም አለ! ስሙም በደማቁ ጎልቶ፦
«አራተኛዋን ለሚ ገመዳ በራሱ ላይ አስቆጠረ።»
በ«ሚ»። ጫማውን እንዳጠለቀ።
ብፈልግ ብፈልግ ስህተት የለው፤
ገንዳ ውስጥ ብነክረውም አንድ አረፋ አያወጣ፤
ኧረ ይርዳው! ምነው ያን ቀን ባትመጣ!
ምነው ባቡር ቢያግድህ፣ ምነው መንገድ ቢጠፋህ፣
ምነው «ለማ» ብትለው፣ ደግመህ ብትሳሳት፣
እኔስ ያቺን እርማቴን ምን ነበር ባላረምኳት?

ደብቄው ነበር፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር።
ሰኞ ለሚ ሥራ ሲገባ፣ ፀጉሩ በጡብ አቧራ ቀልቶ፣
ራሱ ጎንበስ ብሎ አወጣው፤ ማን እንደነገረው እንጃ።
በጣቱ እየተከተለ አነበበው፤ ሁለቴ።
«አሁን ገና በትክክል ጻፉኝ» አለና
ሳቀ።
«ስጠኝ፣ ለእናቴ ልላክላት። ማንበብ አትችልም፤
ፎቶውን ብቻ ነው የምታይ።»

እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ አለን፣ ይርዳው።
ከሩቅ ካየሁህ እሰድብሃለሁ፤
ሻይህን ግን ጥጄ ነው።