ጤፍ የምታህል ቀዳዳ

ዓመት አልሞላትም፤ የወንበር ላስቲኳ አልተላጠም ገና፣
ሽንኩርት ጭነን ማታ ከሮቢት ተነሳን ባዲሷ መኪና።
አጠገቤ ያለው ምንውየለት ነው፣ የጅሁር ልጅ፣ ረዳት፣
ከመናገር ይልቅ ቆጥሮ ዝም ማለት የሚሆንለት።

ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንገፋ በሁለተኛ ማርሽ፣
ጭጋጉ መብራቴን እንደ ጥጥ አፍኖ መንገዱን ሲያሸሽ፣
ጣርማ በር ሊደርስ፣ ዋሻው አፉን ከፍቶ፣ ሦስት ኩርባ ሲቀረን፣
ከሥር አንድ ነገር፣ አጥንት እንደሚሰበር፣ «ቀጭ» ብሎ ነገረን።
ሞተሩ ይጮሃል፤ ጎማው አይሰማውም።
ማርሹን ባገባ ባወጣ የሚይዘው የለውም።
«ድንጋይ!» አልሁኝ ጮኼ። ቀድሞኝ ወርዶ ኖሯል ምንውየለት፣
ሁለት ጥቁር ድንጋይ ከኋላ ጎማዋ ሥር ወሽቆላት።

በብርዱ አደርን። እኔ ግን አልከፋኝ፤
«ዋስ አላት» እያልሁ ነው ሌሊቱ የነጋኝ።
ከመሪው ሥር አለ የዋስትናው ደብተር፣ በላስቲክ ታሽጎ፣
«ሁለት ዓመት ወይም ሃምሳ ሺ ኪሎ ሜትር» የሚል ማኅተም አርጎ።
እኔ የማውቀው ዋስ ስም ያለው ሰው ነበር፣ ደጅና ውሻ ያለው፤
ለብድሬ ሲፈርሙ ያማቼ ጣት ሲርድ ዓይኔ ነው ያየው።
ይህ ግን ወረቀት ነው፤ አይርድም፣ አይሞትም፣ ለቅሶም አይጠሩትም፤
ልብ የሌለው ነገር ይጨክናል ብዬ መቼም አልገመትሁም።

በሦስተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ገባን፣ ተጎትተን በገመድ፣
ሽንኩርቱን በኪራይ ሌላ መኪና ወሰደው፣ ከፊሉ ፈሶ በመንገድ።
የወኪሉ ቢሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካውን አለፍ ብሎ ነው፤
ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰው ስሙ ዳምጠው ነው።
(ስም ያወጣችለት እናቱ ምን ነበር ያሰበችው?)
ቅጽ በሦስት ኮፒ፣ የሊብሬ ፎቶ፤
ደብተሬን ገለጠ መነጽሩን አውጥቶ።
«ሁለተኛው ሰርቪስ በአሥር ሺ ነበር የሚገባት መግባት፣
አንተ ያስገባሃት በአሥር ሺ ሦስት መቶ አርባ ነው» አለና ዘጋት።

«ሦስት መቶ አርባ ማለት አንድ ቀን ተኩል ነው! የገና ዋዜማ
ጋራዡ ሲዘጋ፣ ደጃችሁ ላይ ቆሜ ደወልሁላችሁ እማ!»
ጮህሁ። ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። እውነት ነበረኝና።
እውነት የያዘ ሰው ድምፁ እንዴት ያምራል! ዘበኛው እንኳ መጣ ሰማና።
ምንውየለት ብቻ በሩን ተደግፎ ጫማውን ያያል።
ለምን እንደማያየኝ እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል።

ቅጹ ላይ «ጭነት» ከሚለው ቀጥሎ አለ ባዶ መስመር፤
በፈቃዱ ልክ ሞላሁት፤ እንዳማቼ ጣት አልራደም የኔ ብዕር።
ስምንት ጆንያ ግን፣ ከልኩ በላይ፣ ሸራው ሥር ተኝቷል፤
የጫነው ትከሻ፣ የቆጠረው ዓይን፣ በሩን ተደግፏል።

ሰባት ጊዜ ሄድሁ። ለአዲስ አበባም ማመልከቻ ተጻፈ።
ጾሙ ገብቶ ወጣ፤ የባንኩ ቀን በላዬ ሁለቴ አለፈ።
ከቃሊቲ አንድ መሐንዲስ መጣ፣ ባለ ሰማያዊ ቱታ፤
ካምቢዮውን ፈትቶ የተሰበረውን ጥርስ
ወደ ፀሐይ አነሣ በርጋታ።
«ተመልከት» አለኝ፣ «ብረቱ ሆድ ውስጥ ጤፍ የምታህል ቀዳዳ፤
ሲቀልጥ የገባ አየር ነው። ያንተ አይደለም ዕዳ።»
ዳምጠው ማኅተሙን መታ። «የፋብሪካ ጉድለት» አለ።
ዕቃው በነፃ ሆነ፤ የእጁ ዋጋ ግን በኔ ላይ ዋለ።

ዛሬ በዚያው መንገድ፣ በልኩ ጭኜ፣ ጣርማ በርን ስወጣ፣
ያው ኩርባ ላይ ናቸው ሁለቱ ድንጋዮች፤ የሚያነሣቸው አልመጣ።
ምንውየለት ድንገት፣ ያን ቀን ያልጠየቀኝን ዛሬ ጠየቀኝ፦
«ጥርሱን የሰበረው የጤፏ ቀዳዳ ነው ወይስ ስምንቱ?» አለኝ።
መስኮቱን ዘጋሁት፤ «ጭጋግ ነው» አልሁት። ማርሽ ቀየርሁ፤ ገባልኝ።
የሽንኩርቱ ሽታ ከወንበሯ ላስቲክ እስካሁን አልለቀቀኝ።