የሁለት ክንድ መንገድ

በኅዳር ቬርቼሊን ጉም ነው የሚያለብሳት፤
ከሩዝ ማሳው ውሃ ተነሥቶ ሲውጣት
አስፋልቱን ከቦዩ የሚለይ ሰው የላት።

ሲኞራ ኤርሚኒያ፣ የድሮ አዋላጅ፣
በሰማንያ ዓመቷም ያልለገመ እጅ፣
ሰይቼንቶዋን ነድታ ከጋራዡ ደጅ፦
«ክላክሷን አበርታልኝ፤ መብራቷን ተዋት።
የደከመው ዓይኔ ነው፤ እሷ ምን አላት?
እኔ ሰው ካላየሁ ሰው እኔን ይስማኝ፤
ፈቀቅ ይበል ከመንገድ፤ ነፍስ አታስገድለኝ።»

በዚህች መኪና ኖራለች ከምጥ ወደ ምጥ
በቦዮቹ ዳርቻ ሌሊቱን ስትሮጥ፤
ቦርሳዋና ፎጣው ከኋላው ወንበር፤
አንዴም መንትዮች እዚያው ተወልደው ነበር።
(አንዱ አሁን ፖስተኛ ነው፤ ሲያያት ያፍራል።)

ኮፋኖውን ከፈትኩ። ሞተሯ ከኋላ፣
ከፊት ባትሪዋ ነው፣ ትርፍ ጎማዋ፣ ሌላ ሌላ።
ቴስተሩን ባትሪው ላይ፦ አሥራ ሁለት ቮልት ተኩል።
አምፖሉ ጀርባ ላይ፦ ዘጠኝ፤ እሱም በስንት ትግል።

ሦስት ተኩሉን ማን በላው?
ከባትሪ እስከ አምፖል ሁለት ክንድ አይሞላም፤
ብርሃኑ ግን በዚያ በአቋራጭ አይመጣም፤
ዞሮ በዳሽቦርድ፣ በሞተሩ ቁልፍ፣
በማብሪያው፣ በመሪው አንገት ሥር ሲያልፍ፣
ለየዝገቱ ቀረጥ፣ ለየፊውዙ ጉርሻ
እየከፈለ ነው የሚደርስ መጨረሻ፤
የአደራ እህል ሆኖ፣ በየእጁ ሲሰፈር
ለባለቤቱ የሚተርፍ ገለባና አፈር።

«ዓይንሽ አይደለም» አልኳት።
አላመነችኝም።

ባለጋራዡ አልቺዴ ከሥር ተጋድሞ
«ካቻቪቴ!» አለኝ፤ ሰጠሁት። «ፒንሳ!» አለኝ ደግሞ።
ይህን ቋንቋ እኔ ኮምቦልቻ ነው የተማርኩት፣
ከጋሽ ድልነሳ፤ እሳቸው አማርኛ መስሏቸው፣
እኔም አማርኛ መስሎኝ።
እዚህ የመጣሁ ሰሞን አልቺዴ ሲናገር
«የኛን ቃል ከየት ሰማ?» ብዬ ስገረም ነበር።

አንድ ብቻ ቀርቶኝ ኖሯል።
«ማሳ! ማሳውን እሰር!» ብሎ ሲጮህ
ዞሬ በመስኮቱ የሩዙን ማሳ አየሁ።
ለካ በሱ አፍ ማሳ የመኪናዋ ገላ ነው፣
ጅረቱ ሁሉ ዞሮ ማታ የሚገባበት ብረት።
ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አርጌ፣ እስኪያበራ ድረስ፣
ሽቦውን አሰርኩት በአዲስ ቡሎን፣ ዳግም እንዳይበጠስ።

ሪሌ ገዝቻለሁ ሁለት፤ የክብሪት ቤት ያክላሉ።
አሮጌውን ሽቦ አልጣልኩትም። ይኑር።
ከእንግዲህ ሥራው ሸክም ሳይሆን ምክር፤
«አብሩ» ይበል ብቻ፤ ቀጭን ድምፁ ይበቃል።
ሸክሙን ወፍራሙ ሽቦ በሁለቱ ክንድ መንገድ
ከባትሪው ተቀብሎ ለአምፖሉ ያደርሳል።

መሸ። የጋራዡን መብራት አጠፋን።
ሲኞራ ገባች፣ ወንበሯን ሳብ አደረገች፣
ማብሪያውን በአውራ ጣቷ ጫን አለች።
ጠቅ፤ ጠቅ።
ግድግዳው ነጭ ሆነ፤ የተሰቀለው መፍቻ ሁሉ
ከጀርባው ጥላውን ይዞ ቆመ፤
የሸረሪቷም ድር ክሩ ተቆጠረ።

እኔ እንባ ጠብቄ ነበር፣ ባይሆን አንድ ምርቃት።
ዝም ብላ ቆየች፣ በእጇ መሪውን ይዛ፣
ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፦
«አልቺዴ፣ ይህ ግድግዳ ቀለም ይፈልጋል» አለች።
«ስንጥቁንም ድፈነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሒሳቧን ከፈለች፤ ግማሹን በሩዝ።
«ረጅሙን እንዳታበሪ! ለጉም አጭሩ ነው!» አላት አልቺዴ፤
«አንተን ሳዋልድም ጉም ነበር» አለችው፣ ሄደች።
ሁለት ነጭ ክንዶች ጉሙን እየገፉ፣
የቦዩን ጠርዝ፣ ሸምበቆውን፣ የድልድዩን ድንጋይ
አንድ በአንድ እየዳሰሱ አለፉ።

ከማዕዘኑ ስትደርስ ልታመሰግነን ይሆናል፣ ክላክሷን ነካች፤
የታመመ እንቁራሪት የመሰለ ድምፅ ወጣ።

ወይ ጉድ። ክላክሱን ረስቼዋለሁ።