ኤግዚቢት ቁጥር አርባ አንድ

ጦሳ ጉሙን ጥሎ ደሴን ሲያለብሳት፣
የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አዞራለሁ ጠዋት።
ገጀራ ከነደሙ፣ የተሰበረ ቆመጥ፣
የሐሰት ማኅተም፣ ግማሽ ቁና ሰሊጥ፣
የሞተ ሰው ጫማ፣ ግራው ብቻ የቀረ፣
ሁሉም በኔ እጅ ነው፣ ሁሉም ተቆጠረ።

አርባ አንደኛው ግን ድንጋይ ነው።
በነጭ ቀለም ቁጥሩን የጻፍኩበት እኔ ነኝ፣
በሩን አስደግፌው ሦስት ክረምት ያገለገለኝ።
የደሴ ንፋስ እኮ ዳኛ አይፈራም፣
ያልተደገፈ በር ሳይመታ አያድርም።
"ክብደቱ ሰባት ኪሎ" ብዬ መዝግቤዋለሁ፤
ያነሳው ሰው ግን ሳይመዝን እንዳነሳው አውቃለሁ።

ከሐርቡ ወዲያ፣ ማሽላው ከሚያልቅበት፣
አባት አበጋዝ ነው የተከለው፣ ልጆቹ ባሉበት።
"ይህ ለሙሔ ይሁን፣ ያ ለደርበው ደግሞ፣
ድንጋዩ ይናገር፣ እኔ ባልኖር፣ ቆሞ።"
አንዱ መስጊድ ሲሄድ፣ አንዱ ደብር ሲስም፣
ከአንድ ጎታ ሲቀዱ ማንም ጉድ አላለም።

በአንድ የሰኔ ሌሊት ድንጋዩ ተጓዘ፤
ሁለት ክንድ ብቻ።
ነቃዩ አልታወቀ፣ ምስክር አልተያዘ።
ሁለት ክንድ፣ ለመቃብር እንኳ የሚያጥር መሬት።
ንጋት ላይ ሙሔ "በሕግ አምላክ!" ሲል፣
ደርበው ድንበሩን ራሱን ከመሬት አነሳው፤
ወንድሙን ፊቱ ላይ መታው፣ በአባቱ ምልክት።
ሙሔ አልሞተም።
ግራ ዓይኑ ግን ከዚያ ጠዋት ወዲህ የለችም።

ከላይ ፎቅ፣ በወንጀል ችሎት፣ ደርበው ተከሳሽ ነው፤
ከታች፣ በፍትሐ ብሔር፣ ያው ደርበው ይግባኝ ባይ ነው።
ያው ሙሔ እላይ የግል ተበዳይ፣ እታች መልስ ሰጭ፤
ቀኑን ሙሉ በአንዱ ደረጃ ወራጅና ወጭ።
ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣
"በድንጋዩ ይለካ" አሉ፣ ትእዛዙን አርቅቀው።
ባለሙያው ሐርቡ ወርዶ ሪፖርቱን ይዞ መጣ፦
"ድንጋዩ ከቦታው የለም፤ ወዴትም ይሁን ወጣ።
ጉድጓድ ግን ሁለት አለ፤ የአባት የቱ እንደሆነ አልለየሁም።"

የሚፈልጉት ድንጋይ፣ ከእግራቸው በታች፣ በሬን ደግፎ ነበር፤
የጠየቀኝ የለም፤ ሳልጠየቅ ደግሞ እንዴት ብዬ ልናገር?
ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ማስታወሻ ጻፍኩ።
በቀይ ቀለም ተመለሰልኝ፦
"ኤግዚቢት ከወንጀል መዝገቡ ተነጥሎ አይወጣም።"
ድንጋዩም ሰምቶ ዝም።

ሚስቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ዘሐራንና ይታይሽን።
በአንድ ሚኒባስ ነው የሚመጡት።
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ዘሐራን ሲያጥወለውላት፣
ይታይሽ ናት ግንባሯን የምትይዝላት፣
ሎሚ የምታሸታት።
ግቢው በር ሲደርሱ ሻሻቸውን አስተካክለው፣
ይገባሉ ሳይተያዩ፣ ወንበር ለይተው።

ፍርዱ ግንቦት ላይ ወጣ። ሰባት ዓመት፣ ለደርበው።
መሬቱ? "ወደ ወረዳው ይመለስ፤ እንደገና ይጣራ" ነው።
በመጨረሻው ገጽ፣ በመጨረሻው መስመር፦
"ኤግዚቢቱ ይወገድ።"
ድንጋይ በየት በኩል ይወገዳል? አይሸጥ፣ አይነድ፤
ልቅበረው ብልም፣ ነገሩ የጀመረው ከመቀበሩ ነው።

እያሰብኩ ሳለ መጡ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው።
"የሚጣል ከሆነ ለእኛ ይስጡን" አሉኝ፣
አንዷ ጀምራው፣ ሌላዋ ጨርሳው።
ቅጹ ላይ "ተረካቢ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።
አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክሬ፣
አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ አተምኩት፤
የትኛው የማን እንደሆነ እኔም ዛሬ አልለየሁት።
ከረጢቱን ግራና ቀኝ ይዘው፣
ደረጃውን ወጡ፣ ቀስ ብለው፣ ሁለት ሆነው።

የቱ ጉድጓድ ውስጥ እንደተከሉት አልጠየቅሁም።
ደሴ ላይ ንፋስ ነው። በሬ ያለ ድጋፍ አይቆምም፤
ዘው ብሎ ይከፈታል፣ ጓ ብሎ ይዘጋል፤
ቀና እላለሁ፤ ሰው የገባ ይመስለኛል።