ሲከር

ትብሊሲ ተኝታ ኦታር ብቻ ነቅቷል፤
እግሩ እየነደደ አንሶላው ከብዶታል።
«ማታ ማታ ዋጣት» አለች ሐኪም ማናና፣
«የተቆጣው ነርቭህ ይለዝባልና።»
እሱ ግን ወረቀቷን ከሳጥን ዘርግቶ፣
ድብታ... መንገዳገድ... ሲያነብ አንገት ደፍቶ፣
«የጆሮ ጩኸት» ላይ ጣቱ ቆመ፣ ቀረ።
አርባ ዓመት ፒያኖ የቃኘ ጆሮ ነው፤
ለእግር ይሰጥ እንዴ?

ትናንት ግን፣ ትምህርት ቤት፣ ፔዳሉን ሲረግጥ፣
«ላ» ዝቅ ብላ ስታልፍ አልሰማትም፤
ሕመሙ ነበር የሚጮኸው።
አንዲት ተማሪ ናት የነገረችው፣ እያፈረች።

ሲከር ይበጠሳል፤ ይህን እጁ ያውቃል፣
ስንቱን የብረት ጅማት አላልቶ አትርፏል።

ተነሣ። አንዲት ቁልፍ መታ፣
ነገ የሚያመሳክራት።
ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ።
እንክብሏን በቀዘቀዘ ሻይ ዋጣት።